ጌሙ ነው ያረጀው ወይስ እኛ ነን የለመድነው?

ደሴ ውስጥ ጌም ቤት ገብቶ ይህን ክርክር ያልሰማ ያለ አይመስለኝም። ከፒያሳ እስከ ቧንቧ ውሃ፣ ጆይስቲክ ባለበት ሁሉ አንዱ ብድግ ይልና «የአሁን ጌም ምኑም አያስገርምም። ምስሉ ብቻ ነው። የድሮው ነበር ጌም!» ይላል። ሌላው ወዲያው ይነሳበታል። «ወላሂ አንተ ስላረጀህ ነው እንጂ የአሁኑማ አሥር እጥፍ ይበልጣል» ይለዋል። ተራ ጠባቂዎቹ ለሁለት ይከፈላሉ። ጨዋታው ሲጀመር ክርክሩ ጋብ ይላል፤ ግን አያልቅም።

ለእኔ ይህ የሥራ ፈቶች ጭቅጭቅ አይደለም። ጌም ለብዙ የወሎ ልጅ ከሰፈሩ ውጭ ያየው የመጀመሪያ ሰፊ ዓለም ነው። በደሴ ብርድ በሩ ተገርበብ ተደርጎ፣ አንድ ቴሌቪዥን ፊት ተጠጋግተን ተቀምጠን፣ «ከዚያ ተራራ ጀርባ ምን ይኖር ይሆን?» የሚል ጉጉት የለመድንበት ነው። ያ ጉጉት በእርግጥ ደርቆ ከሆነ፣ ለምን እንደደረቀ ማወቅ ይገባናል።

መልሴን ቀድሜ ልናገር። ዛሬም የሚያስገርሙ ጌሞች አሉ። አንዳንዶቹ ከድሮዎቹ ሁሉ ይበልጣሉ። ነገር ግን ምስጢር መጠበቅ ከባድ ሆኗል፣ ትልቅ ገንዘብ የሚያፈሱት ኩባንያዎችም ፈሪ ሆነዋል። የመጀመሪያው ለውጥ ግን የመጣው እኛው ጋ ነው። ስለዚህ ከራሳችን እንጀምር። (ዓመተ ምሕረቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።)

ጭንቅላታችን የሚገረመው በምንድን ነው?

ዎልፍራም ሹልትዝ የሚባል የነርቭ ሳይንቲስት በጦጣዎች ላይ የሠራው ጥናት ይህን ለመረዳት በጣም ይጠቅማል። ዶፓሚን የሚያመነጩ የአንጎል ሕዋሳትን እንቅስቃሴ በመሣሪያ እየተከታተለ፣ ለጦጣዎቹ ጭማቂ ጠብ ያደርግላቸው ነበር። ጭማቂው ሳይታሰብ ሲመጣ ሕዋሳቱ በኃይል ይነቃሉ። ቀጥሎ ከጭማቂው በፊት ምልክት እንዲሰጥ ተደረገ፤ ለምሳሌ መብራት ይበራል። ይህ ሲደጋገም ጦጣዎቹ ለመዱት። ከዚያ በኋላ ሕዋሳቱ የሚነቁት ምልክቱ ሲታይ ሆነ። ጭማቂው ራሱ ሲመጣ ዝም! ምልክቱ ታይቶ ጭማቂው ሲቀር ደግሞ፣ ይመጣል ተብሎ በሚጠበቅበት ቅጽበት እንቅስቃሴያቸው ከወትሮው በታች ወረደ።

ሹልትዝና ሁለት ባልደረቦቹ በ1997 ባሳተሙት ጽሑፍ ነገሩን ግልጽ አደረጉት። እነዚህ ሕዋሳት የሚዘግቡት በጠበቅነውና ባገኘነው መካከል ያለውን ልዩነት ነው። ዶፓሚንን «የደስታ ኬሚካል» ማለት ተለምዷል። ይህ አባባል ዋናውን ነገር ይዘለዋል። ሽልማቱ ትልቅ ቢሆንም እንኳ አስቀድሞ ከተጠበቀ ሕዋሳቱ ቁብ አይሰጡትም።

አሁን ይህን ወደ ጌም አምጡት። ጂቲኤ ሳን አንድሪያስ በ2004 ወጣ። ጀግናው ብዙ ከበላ ይወፍራል፣ ጂም ከገባ ጡንቻ ያወጣል፣ ፀጉር ቤት ገብቶ ይቆረጣል። ብስክሌት ይነዳል፣ ከአውሮፕላን በፓራሹት ይዘላል። እያንዳንዷ ነገር «ይሄም ይቻላል እንዴ?» ታሰኝ ነበር። ያን ያህል የደነቀን ምንም ስላልጠበቅን ነው። ዛሬ አዲስ ጌም ስንከፍት ገና ከመነሻው ብዙ እናውቃለን። ካርታ ይኖራል። ጀግናው ደረጃ በደረጃ ይጠነክራል። ሰፊ ባዶ አዳራሽ ውስጥ ጥይትና መድኃኒት በብዛት ተቀምጦ ካየን፣ ቦሱ፣ ማለትም ዋናው ጠላት፣ ከፊታችን እንዳለ እናውቃለን። ሠሪዎቹ የቱንም ያህል ቢለፉ፣ የሚሰጡን የጠበቅነውን ነው።

ስለዚህ «የድሮው ይሻል ነበር» ከሚለው ስሜት ትልቁ ድርሻ ስለ ራሳችን ነው የሚናገረው። ይህን ማጣራት ከፈለጋችሁ ማይንክራፍትን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚከፍት የአሥር ዓመት ልጅ አጠገብ ተቀመጡ። ቁልቁል ሲቆፍር ድንገት ዋሻ ሲከፈትለት ፊቱን እዩት። ያ ልጅ «የአሁን ጌም አያስገርምም» የሚለውን ቃል ምን እንደሆነ እንኳ አይረዳውም።

ግን ሁሉንም በልማድ ማሳበብ አይቻልም። ጌሞቹም፣ የሚኖሩበት ዓለምም ተለውጧል።

ምስጢር የሚደበቅበት ዘመን

በ1980 አታሪ አድቬንቸር የተባለ ጌም አወጣ። ኩባንያው ያን ጊዜ የሠሪዎቹን ስም በጌሞቹ ላይ አያወጣም ነበር። ጌሙን የሠራው ፕሮግራመር ዋረን ሮቢኔት ይህ አልተዋጠለትም። ለአለቆቹ ሳይነግር አንድ ስውር ክፍል ሠራ። ወደዚያ ለመግባት ከጀርባዋ ቀለም የማትለይ አንዲት ነጥብ ፈልጎ ማግኘት ያስፈልጋል። ክፍሉ ውስጥ የሮቢኔት ስም ተጽፏል። ኩባንያው ይህን ያወቀው ሰውየው ሥራውን ከለቀቀ በኋላ፣ አንድ ወጣት ተጫዋች ክፍሉን አግኝቶ ደብዳቤ ሲጽፍ ነው። ከዚያ ወዲህ ጌም ውስጥ ምስጢር መደበቅ ባህል ሆነ። በ1986 የወጣው የኔንቴንዶ ሜትሮይድም የራሱ ምስጢር ነበረው። ጌሙን በፍጥነት የጨረሰ ተጫዋች ብቻ የብረት ልብሱ ሲወልቅ ያያል፤ ጀግናው ሴት ናት።

ከሁሉም የምወደው ግን የ1998ቱ ሜታል ጊር ሶሊድ ነው። ሂዲዮ ኮጂማ የመራው፣ ኮናሚ የተባለው ኩባንያ ያሳተመው፣ በመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን (ፒኤስ 1) ላይ የወጣ ጌም ነው። እዚያ ውስጥ ሳይኮ ማንቲስ የሚባል፣ የሰው ሐሳብ አነባለሁ የሚል ጠላት አለ። «ሐሳብህን ላንብብ» ይልና የተጫዋቹን ሜሞሪ ካርድ፣ ጨዋታ ሴቭ የሚደረግበትን፣ ያነባል። ካርዱ ላይ አንዳንድ የኮናሚ ጌሞች ሴቭ ተደርገው ካገኘ፣ ተጫዋቹ የትኛውን ጌም እንደሚወድ በስሙ ጠርቶ ይነግረዋል። ቀጥሎ «ጆይስቲክህን መሬት ላይ አስቀምጠው» ይላል። ጆይስቲኩ በራሱ መንቀጥቀጥና መንቀሳቀስ ይጀምራል። ውጊያው ሲጀመር ደግሞ ማንቲስ እያንዳንዷን እንቅስቃሴ አስቀድሞ ስለሚያውቅ ምት አያገኘውም። መፍትሔው ጆይስቲኩን ነቅሎ ሁለተኛው መሰኪያ ላይ መሰካት ነው። ያን ጊዜ የተጫዋቹን ሐሳብ ማንበብ ያቅተዋል።

ይህ ያን ያህል ያስደነገጠው ለምንድን ነው? መሰኪያው የጌሙ አካል ሊሆን ይችላል ብሎ ያሰበ ተጫዋች ስላልነበረ ነው። ጌም የሚያልቀው የቴሌቪዥኑ ጠርዝ ላይ ነው ብለን ነበር የምናምነው። ሹልትዝ የለካው ልዩነት እንዲህ ባለ ቦታ ነው በጣም የሚሰፋው። ምስሉ ዛሬ ሲታይ ሻካራና ብዥ ያለ ነው። ቅጽበቱ ግን ምንም አላረጀም።

ምስጢሩን ደግሞ ወሬው ያሳድገው ነበር። ሳን አንድሪያስ ውስጥ ማውንት ቺሊያድ ጫካ ላይ «ቢግፉት» የሚባል ፀጉራም ፍጡር አለ ተብሎ ስንት ሰው ሌሊቱን ሲፈልግ አደረ! ጌሙን የሠራው ሮክስታር ራሱ እንዲህ ያለ ፍጡር ጌሙ ውስጥ እንደሌለ ተናግሯል። ቢሆንም «የጓደኛዬ ወንድም አይቶታል» የሚል አይጠፋም ነበር። ወሬው እስከዚህ ድረስ ስለገነነ፣ በ2013 የወጣው ጂቲኤ 5 ውስጥ ሠሪዎቹ የቢግፉት አደን ራሳቸው ጨመሩበት። እኛም ጋ ቺት ኮድ፣ ጌሙን የሚያቀል ስውር ቃል፣ በደብተር ጀርባ ተጽፎ ከሰፈር ሰፈር ይዞር ነበር። ኮምፒውተር ላይ «ሄሶያም» ብሎ የጻፈ ጤናውም ጥሩሩም ይሞላል፣ 250 ሺህ ዶላርም ያገኛል። የትኛው ኮድ እውነት፣ የትኛው ፈጠራ እንደሆነ ሞክሮ ከማየት በቀር ማወቂያ አልነበረም። ጌሙ በዲስኩ ላይ ካለው በላይ ሰፊ መስሎ የሚታየን ለዚህም ነበር።

ታዲያ ምን ተለወጠ? ዩቲዩብ በ2005 ተከፈተ። በዚያው ዓመት የወጣው ኤክስቦክስ 360 ደግሞ ለእያንዳንዱ ጌም «ይህን ካደረግክ ይህን ሽልማት ታገኛለህ» የሚል ዝርዝር ይዞ መጣ። ምን ምን ማድረግ እንደሚቻል ገና ሳይጀመር ተዘርዝሮ ይታያል። ጌሙ በወጣ ማግሥት ፋይሉን ከፍተው ውስጡን የሚበረብሩ ሰዎችም አሉ። ያልተሰማ ድምፅ፣ ያልታየ ጠላት፣ ሁሉም ይወጣል። አንዳንዴ መውጣቱም አይጠበቅም። በመስከረም 2022 ገና በሥራ ላይ ከነበረው ጂቲኤ 6 ላይ 90 ገደማ ቪዲዮዎች ተሰርቀው ተለቀቁ።

እኛ ጋ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ጌሙ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ ከመድረሱ በፊት መጨረሻው በቲክቶክና በቴሌግራም ደርሷል። ተጫዋቹ ያየውን ሊደግም ነው ጆይስቲክ የሚይዘው። ከዚያ «አያስገርምም» ይላል። እንዴት ያስገርመው?

በእርግጥ ምስጢር በዚህም ዘመን ሊጠበቅ ይችላል። በ2009 የወጣው ባትማን አርካም አሳይለም ውስጥ ሠሪዎቹ አንድ ክፍል ደብቀው ነበር። ክፍሉ ውስጥ የሚቀጥለው ጌም ፍንጭ ተቀምጧል። ለወራት ማንም አላገኘውም። በመጨረሻ ራሳቸው ተናገሩ። ማንም እንዳያገኘው የረዳቸው ነገር ክፍሉ መኖሩን የሚጠቁም አንዳች ምልክት አለማስቀመጣቸው ነው። ብዙ ኩባንያ ግን ዛሬ የዚህ ዓይነት ትዕግሥት የለውም። የለፋበትን ነገር ሰው ሳያየው እንዲቀር አይፈልግም።

ገንዘብ ሲበዛ ፍርሃትም ይበዛል

በ2023 አሜሪካ ውስጥ በነበረ የፍርድ ቤት ክርክር የሶኒ ሰነዶች በስህተት ይፋ ሆኑ። ዘ ላስት ኦፍ አስ ክፍል ሁለት ወደ 220 ሚሊዮን ዶላር፣ ሆራይዘን ፎርቢድን ዌስት ደግሞ ወደ 212 ሚሊዮን ዶላር እንደፈጁ ታወቀ። ይህን ያህል ገንዘብ ለመመለስ ጌሙን ሚሊዮኖች መግዛት አለባቸው። ሚሊዮኖች እንዲገዙት ደግሞ ማንም ግራ ተጋብቶ እንዳያቋርጥ ይፈለጋል።

ስለዚህ ጌሙ ከመውጣቱ በፊት ሰዎች ተጠርተው ይጫወቱታል። የት ጋ እንደተጠፋባቸው፣ የት ጋ እንደሰለቻቸው ይመዘገባል። ሰው የጠፋበት ቦታ ሁሉ ይስተካከላል። ቀስት ይጨመራል፣ ማዕዘን ላይ ትንሽ ካርታ ትቀመጣለች፣ ጀግናው ራሱ ጮክ ብሎ «ያን መሰላል ልሞክረው መሰለኝ» ይላል። በ2023 እንደገና ተሠርቶ የወጣውን ሬዚደንት ኢቭል 4 ያየ ሰው ቢጫውን ቀለም ያውቀዋል። የሚሰበር ሣጥንና የሚወጣ መሰላል ላይ ቢጫ ቀለም ተለቅልቋል። እያንዳንዱ ማስተካከያ ለብቻው ሲታይ ተገቢ ነው። ሲደመሩ ግን ተጫዋቹ አካባቢውን ማየት ያቆምና ቢጫውን ብቻ ይከተላል። ዓይኑን ለአካባቢው ያልገለጠ ሰው ደግሞ አካባቢው አያስገርመውም።

መኮራረጁም አለ። በ2007 የወጣው አሳሲንስ ክሪድ ላይ ማማ ጫፍ ወጥቶ ከተማውን ቁልቁል ማየት ልብ የሚያሸፍት ነገር ነበር። ይህንኑ ጌም የሠራው ዩቢሶፍት በ2012 ፋር ክራይ 3 ላይ የሬዲዮ ማማዎችን እየወጡ ካርታ መክፈትን አመጣ። ከዚያ ሌሎችም ተከተሉ። አሥረኛው ማማ ላይ ስትደርሱ የቤት ሥራ ይመስላል። የእግር ኳሱማ ግልጽ ነው። ፊፋ ከ1993 ጀምሮ በየዓመቱ ማለት ይቻላል ሲወጣ ኖሮ፣ በ2023 ስሙን ወደ ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ ቀየረ። ከአንዱ ዓመት ወደ ሌላው ዋናው ለውጥ ማሊያና ዝውውር ነው።

አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ይቆጨኛል። በ2014 ሻዶው ኦፍ ሞርዶር የተባለ ጌም «ኔሜሲስ» የሚባል አሠራር ይዞ መጣ። ተራ የነበረ ጠላት ድንገት ከገደላችሁ ማዕረግ ያገኛል። በሚቀጥለው ስትገናኙ ያስታውሳችኋል፣ ባለፈው እንዴት እንዳሸነፋችሁ እየጠቀሰ ይሳለቅባችኋል። ገደልኩት ያላችሁት ደግሞ ፊቱ ጠባሳ ሆኖ፣ ከወራት በኋላ ከኋላችሁ ብቅ ሊል ይችላል። የትኛው ጠላት እንደሚሆን ሠሪውም አያውቅም። የእያንዳንዱ ሰው ታሪክ ለየብቻ ነው። ጌሙን ያሳተመው ዋርነር ብራዘርስ ለዚህ አሠራር በ2021 የፈጠራ ባለቤትነት መብት አገኘ። ጌሙን የሠራው ሞኖሊዝ በ2025 እንዲዘጋ ተወሰነ። እንዲህ ያለ ሐሳብ በሕግ ታጥሮ፣ የሠራው ቡድን ሲበተን ማየት በጣም ያሳዝነኛል። የመገረም መንገድ አልጠፋም ነበር፤ ተገኝቶ ነበር። ተቆለፈበት።

ግን ሚዛኑን እንጠብቅ። ትልቅ ገንዘብ ሁልጊዜ ፈሪ አይደለም። ከላይ ዋጋውን የጠቀስኩት የዘ ላስት ኦፍ አስ ሁለተኛ ክፍል በታሪኩ ትልቅ ድፍረት አሳይቷል። ብዙ ተጫዋች ተቆጥቶበታል፣ ብዙውም አድንቆታል። ታሪኩ ግን ገና ሳይወጣ በ2020 ሾለከ።

ከተነገረ የሚያልቅና የማያልቅ

መገረም ሁለት ዓይነት ነው ባይ ነኝ። አንዱ እንደ እንቆቅልሽ ነው። «እንቆቅልህ»፣ «ምን አውቅልህ» ተባብለን መልሱ አንዴ ከተነገረ፣ ያው እንቆቅልሽ ለዚያው ሰው ሁለተኛ አይሠራም። ሌላው እንደ ገበጣ ነው። ሕጉን ሁሉም ያውቃል። ጠጠሮቹም ፊት ለፊት ናቸው፣ የተደበቀ ነገር የለም። ሆኖም ዕድሜውን ሙሉ ሲጫወት የኖረ ሽማግሌ ዛሬም «ኧረ በአላህ! ይህን አላየሁትም» ይላል።

ሳይኮ ማንቲስ የመጀመሪያው ዓይነት ነው። ይህን ጽሑፍ ያነበበ ሰው ከእንግዲህ በማንቲስ አይገረምም፤ አውፉ በሉኝ። ኢንተርኔት የገደለው ይህንን ዓይነቱን ነው። ሁለተኛውን ግን ሊገድለው አይችልም። እንዲያውም ያሳድገዋል።

የ2017ቱን ዜልዳ ብሬዝ ኦፍ ዘ ዋይልድ እንይ። ሠሪዎቹ በዚያው ዓመት በአንድ የጌም ሠሪዎች ጉባኤ ላይ ቀርበው አሠራራቸውን አብራርተዋል። ለዓለሙ የኬሚስትሪ ሕግ ሰጥተውታል። እንደ እሳት፣ ውሃና ኤሌክትሪክ ያሉ ኃይሎች የዕቃዎችን ሁኔታ ይለውጣሉ። ኃይሎቹ እርስ በርሳቸውም ይለዋወጣሉ። ዕቃ ግን ብቻውን ሌላ ዕቃ አይለውጥም። ይኸው ነው። ከዚህ የሚወጣው ግን ማለቂያ የለውም። ሣር ላይ እሳት ከለቀቃችሁ ይቀጣጠላል፤ ሙቀቱ አየሩን ወደ ላይ ይገፋል፤ በዚያ አየር ላይ መንሳፈፊያችሁን ዘርግታችሁ ወደ ሰማይ ትወጣላችሁ። ዝናብና ነጎድጓድ ሲመጣ የብረት ጎራዴ የያዘ ሰው መብረቅ ይስባል። ይህን የተረዳ ተጫዋች ጎራዴውን ጠላቶቹ መሃል ይጥልና ዞር ይላል። ቀሪውን ሰማዩ ይጨርሰዋል። «እንዲህ አድርግ» የሚል ቀስት የትም የለም። ሰዎች በራሳቸው አገኙት። አሁንም አዳዲስ ነገር ያገኙበታል። ዩቲዩብ ላይ የሌላውን ዘዴ ማየት እዚህ ጨዋታውን አያበላሽም፤ «እኔስ ምን ልሞክር?» ያሰኛል እንጂ።

ኤልደን ሪንግ ደግሞ «ያለ ቀስት አይሸጥም» ለሚሉት መልስ ሆኗል። ሂዴታካ ሚያዛኪ የሚመራው ፍሮም ሶፍትዌር በየካቲት 2022 ያወጣው ጌም ነው። ከባድ ነው፣ መንገድ እምብዛም አያሳይም፣ ዝርዝር ሥራ አይሰጥም። ጫካ ውስጥ ያለች አሮጌ ሊፍት ላይ ትወጣላችሁ። ቁልቁል ትወርዳለች፤ መውረዷን አታቆምም። በመጨረሻ ከምድር በታች፣ ኮከብ የሞላበት ሰማይ ሥር ትደርሳላችሁ። ብዙ ሰው ካርታው ስንት እንደሆነ አውቄዋለሁ ብሎ በተረጋጋበት ሰዓት ነው ይህ የሚመጣው። ጌሙ በሦስት ሳምንት ውስጥ ከ12 ሚሊዮን በላይ ቅጂ ተሸጠ። እንግዲህ ገበያው መገረምን አልጠላም።

ብዛት ግን መገረም አይደለም። ኖ ማንስ ስካይ በ2016 ሲወጣ 18 ኩንቲሊየን ፕላኔቶች አሉት ተብሎ ነበር፤ 18 ላይ 18 ዜሮ ጨምሩበት። ቁጥሩ ውሸት አልነበረም። ኮምፒውተሩ ከአንድ ቁጥር ተነስቶ ተራራውን፣ እንስሳውንና የሰማዩን ቀለም በቀመር ያወጣል። በየፕላኔቱ ላይ አዲስ ነገር አለ፤ ጭንቅላታችን ግን ከጥቂት ፕላኔቶች በኋላ ቀመሩን ራሱን ይማረዋል። «ይሄ ሰማያዊ ሣር፣ ያ ቀይ ሣር» ማለት እንጀምራለን። ሠሪዎቹ ከዚያ ወዲህ ለዓመታት በነፃ ሲያሻሽሉት ኖረዋል፤ ለዚህ ምስጋና ይገባቸዋል። ከመነሻው የገጠማቸው ቅሬታ ግን ሹልትዝ ከጦጣዎቹ የተማረው ነው።

ትንንሾቹን ሠሪዎች ሳልጠቅስ አላልፍም። አንደርቴል በ2015 ወጣ። ቶቢ ፎክስ አብዛኛውን ሥራ ብቻውን የሠራው ጌም ነው፣ አሮጌ ኮምፒውተር ላይም ይሠራል። ሁላችንም ሴቭ አድርገን፣ ስንሳሳት ወደ ኋላ መመለስ ለምደናል። የተመለስንበት ነገር እንዳልተደረገ ይቆጠራል። አንደርቴል ግን ያስታውሳል። አንዱን ገድላችሁ፣ ተጸጽታችሁ፣ ወደ ኋላ ተመልሳችሁ ብታድኑት፣ ያደረጋችሁትን የሚያውቅ ገጸ ባሕርይ ይጠብቃችኋል። አውተር ዋይልድስ የ2019 ጌም ነው። በ22 ደቂቃ የሚደጋገም ዓለም ውስጥ ትገባላችሁ፤ ይዛችሁ የምትቀጥሉት ያወቃችሁትን ብቻ ነው። ስለ እሱ ከዚህ በላይ አንዲት ቃል አልጽፍም። ማንም እንዲነግራችሁም አትፍቀዱ። ከደሴ ሆኖ በውጭ ካርድ ከፍሎ ጌም መግዛት ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። ለዚህም ነው ብዙዎቻችን የዘመኑን ጌም የምንመዝነው ጌም ቤት ውስጥ በሚገኙት ሁለት ሦስት ትልልቅ ስሞች ብቻ የሆነው።

የሚሸጥ መገረም

በጣም የሚያናድደኝ ክፍል ይህ ነው። ኩባንያዎች መገረምን ከጌሙ ውስጥ አውጥተው ለብቻው መሸጥ ጀምረዋል። ፊፋ ላይ አልቲሜት ቲም የሚባለውን የሞከረ ያውቀዋል። በገንዘብ ፓኬት ትገዛላችሁ፤ ውስጡ ማን እንዳለ አታውቁም። መብራቱ፣ ጭሱ፣ ባንዲራው ይመጣል። ከዚያ አብዛኛውን ጊዜ የማትፈልጉት ተጫዋች ይወጣል። ይህ የጦጣዎቹ ጭማቂ ነው፤ የሚጠብቀውን የማያውቅ ጭንቅላት እንዲነቃ ሆን ተብሎ የተሠራ። የቤልጂየም ባለሥልጣናት በ2018 እንዲህ ያሉ ፓኬቶች የቁማር ሕግን ይጥሳሉ አሉ። የፊፋ ጌም ሠሪው ኢኤም በሚቀጥለው ዓመት የፊፋ ነጥብ እዚያ አገር መሸጡን አቆመ።

ከኤልደን ሪንጓ ሊፍት ጋር ያለውን ልዩነት አስቡት። ሊፍቷ ከምድር በታች ስታወርዳችሁ ዓለሙ ሰፋ፤ ከዚያ በኋላ እያንዳንዱን በር በሌላ ዓይን ታያላችሁ። ፓኬቱ ሲከፈት ምንም አታውቁም፣ ምንም አትማሩም፤ ሌላ ፓኬት ትፈልጋላችሁ። ልጆች ያሉት ወላጅ ይህን ለይቶ ቢያውቅ ደስ ይለኛል። ስልክ ላይ ባሉ ጌሞች ውስጥም ሞልቷል።

ጌም ቤት ያለው ሀብት

አሁን ወደ ጌም ቤታችን። በየዓመቱ እምብዛም የማይለወጠው የእግር ኳስ ጌም፣ ከሁሉም ያነሰ ሊያስገርም ይገባው ነበር። ግን ቅዳሜ ከሰዓት ማንኛውም ጌም ቤት ግቡ። የሚሰማው ጩኸት ሌላ ነው የሚናገረው። ምክንያቱ አጠገብ የተቀመጠው ሰው ነው። ኮምፒውተሩን እንማረዋለን፤ ሰውን ተምረን አንጨርሰውም።

ፒኢኤስ 6 በተባለው የድሮ የእግር ኳስ ጌም ላይ አጥቂውን አድሪያኖን የያዘ ከየትም ይመታ ነበር፣ የምት ኃይሉ 99 ነበር። ሁሉም ያውቃል። ስለዚህ ተከላካዩ ይጠጋዋል። ስለዚህ አጥቂው እንደሚመታ አስመስሎ ያቀብላል። ስለዚህ ተከላካዩ ደግሞ ማቀበያውን መጠበቅ ይጀምራል። ሕጉ ሳይለወጥ ጨዋታው ሲለወጥ ይኖራል። አንድ ሰፈር ለዓመታት እርስ በርስ ሲጫወት የራሱ ዘዬ ይፈጠርለታል። ከዚያ አንድ ቀን ከኮምቦልቻ የመጣ እንግዳ ተራ ይዞ ይቀመጣል። ኳስ ይዞ ዝም ብሎ ይቆማል፣ ወደ ኋላ ያቀብላል፣ ማንም በማያጠቃበት ክንፍ ይሄዳል። የሰፈሩ ንጉሥ ሦስት ለባዶ ይሸነፋል። ጌሙ ያው ነው፣ ዲስኩ ያው ነው።

በቤት ውስጥ ብቻችንን ከኮምፒውተሩ ጋር ተጫውተን፣ መጨረሻውን በስልክ አይተን፣ ቀስት ተከትለን የጨረስነውን ጌም «አያስገርምም» ማለት ትክክል አይደለም። ሙሉ ዕድል አልሰጠነውም። ብዙ ጌሞች ሴቲንግ ውስጥ ትንሿን ካርታና ቀስቶቹን ማጥፊያ አላቸው። አሳሲንስ ክሪድ ኦዲሲ በ2018 ሲወጣ ምልክቶቹን ቀንሶ ቦታውን በገለጻ እንድትፈልጉ የሚያደርግ አማራጭ ይዞ መጥቷል። አጥፏቸው። ለሁለት ሰዓት ትጠፋላችሁ። ከዚያ ቦታውን ማወቅ ትጀምራላችሁ። ትሬለርም የመጀመሪያውን ብቻ ማየት ይበቃል፤ አራተኛውና አምስተኛው ላይ ጥሩ ጥሩውን ሁሉ ያሳያሉ።

ለጌም ቤት ባለቤቶች ደግሞ አንድ ልመና አለኝ። እግር ኳሱ እንጀራችሁ ነው፣ ይገባኛል። ግን ካሏችሁ ማሽኖች አንዱ ላይ፣ ሰው በማይበዛበት በጠዋቱ ሰዓት፣ ማንም ያልጠየቀውን አንድ ጌም ጫኑበት። ዜልዳ ባይገኝ ኤልደን ሪንግ ይሁን፣ እሱም ባይሆን በአሮጌው ኮምፒውተር አንደርቴል። ከኋላ ቆሞ የሚያይ ልጅ «እዚያ ግባ! አይ፣ በዚያ በኩል!» ማለት ሲጀምር፣ ሂሳቡን በሰዓት ሳይሆን በቀን አድርጉለት።